ማሽኑ የሚያምነው ሰው

ሰኞ ረፋድ፣
ኢሪ ሐይቅ ዳር፣ ኦሃዮ

ለታላቅ ወንድሜ፦

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህ እንዴት ነው? ሚስትህስ ደህና ናት? ይህን ሁሉ የምጠይቅህ እማማ «ሰላምታ የሌለበት ደብዳቤ ሳያንኳኩ እንደ መግባት ነው» እያለች ስላሳደገችን ነው እንጂ፣ እውነቱን ከፈለግክ ዛሬ ጉልበትህ ሲነዘንዝህ ቢውል ደስታዬ ነው። እኔ ደህና ነኝ፣ አምላክ ይመስገን። ባሌ ላይልም ደህና ነው፤ የሚሠራበት ትምህርት ቤት ቧንቧ ፈንድቶ በጠዋት ጠርተውት ሄዷል። ከግራ እጄ አውራ ጣት በቀር የሚያመኝ ነገር የለም። እሱንም ያቆሰልከው አንተ ነህ፤ እንዴት እንደሆነ ስታነብ ትደርስበታለህ።

ምነው አልደወለችም ትል ይሆናል። ስደውልልህ ታስቀኛለሃ! ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲህ ነህ። የአባባን መኪና ከጎረቤት አጥር ጋር ያላተምክ ጊዜ እንኳ ልቆጣህ መጥቼ ሆዴን ይዤ እየሳቅኩ ነው የተመለስኩት። ወረቀት ላይ ግን አፍህ አይደርስብኝም። ስለዚህ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብብ።

ቅዳሜ ዕለት የዓሣ ማጥመድ ውድድሩ ላይ ከሚዛኑ ፊት ለፊት ቆሜ እንደነበር አይተኸኛል፤ እጄንም አውለብልቤልሃለሁ። ውድድሩን የሚመራው ትሬክስለር ያንተንና የላይልን ዓሦች ሚዛኑ ላይ ሲያኖራቸው፣ ክብደታቸው ከሁሉ በልጦ ሲወጣ፣ ሰው ሁሉ አብሮ ጮኸ። ከእኔ በላይ የጮኸ ግን አልነበረም፤ ድምፄ እስከ ማታ ድረስ ተዘግቶ ነበር። ሁለተኛ የወጣው ከሳንደስኪ ከተማ የመጣው ሽማግሌ ልጁን አስከትሎ መጥቶ እጅህን ጨበጠህ። «በዚህ ሐይቅ ላይ ነው ያረጀሁት፤ እንዲህ ያለ ዓሣ የት ነው የምታገኘው?» አለህ። አንተም ትከሻውን መታ መታ አድርገህ «ትዕግሥት ነው አባቴ፣ ትዕግሥት ብቻ» አልከው። ከጎንህ ስለነበርኩ ሰምቼሃለሁ። ያኔ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ የሚባለው ላንተ ነው።

ከዚያ ላይል የሠራውን ታስታውሳለህ። ሰው ፊት ስሙን መናገር የሚያፍረው ላይል ድምፅ ማጉያውን ከትሬክስለር እጅ ወሰደና «ዓሦቹን ለዓርብ ለቤተ ክርስቲያናችን ማድቤት ሰጥተናል፤ ባለቤቴ ታጸዳቸዋለች» አለ። ሁዳዴ በገባ ቁጥር ዓርብ ዓርብ የምንጠብሰውን ዓሣ ለመብላት ሦስት ከተማ አቋርጦ የሚመጣ ሰው አለ፤ የአሸናፊዎቹ ዓሣ ሊጠበስ ነው ሲባል ጭብጨባው ከሽልማቱ ጊዜ በለጠ። አባ ዚግመንድ አቀፉህ። አንተ ግን ፊትህ ተለወጠ። እኔ የዋህቷ ደክሞት ነው ብዬ አዘንኩልህ። «ላይል፣ እኔው አጽድቼ ባመጣቸው አይሻልም? እህቴን ምን አደከማት?» አልክ። አባ ዚግመንድ ደግሞ «ኧረ ተዋት፣ እሷ እኮ ቢላዋ ይዛ ነው የተወለደችው!» ብለው ሰዉን አሳቁት። ካህን ፊት፣ ያ ሁሉ ሰው እያየህ፣ ምን ትላለህ? ላይልም የበረዶ ሣጥኑን ተሸክሞ ወደ መኪናችን ሄደ።

እስከ ዛሬ ድረስ ባሸነፋችሁ ቁጥር ዓሦቹን የምትወስዳቸው አንተ ነበርክ። «ለአረጋውያኑ መጦሪያ ነው የምሰጠው» ስትል፣ እኔ በየሰው ቤት ደግነትህን ስሰብክ ኖርኩ። ዛሬ ጠዋት የመጦሪያውን ወጥ ቤት ደውዬ ጠየቅኳት። ካንተ እጅ የዓሣ ጭራ እንኳ አይተው አያውቁም።

ትላንት ከቅዳሴ በኋላ ጋራዥ ውስጥ ካለው መታጠቢያ ላይ ዓሦቹን ዘረጋኋቸው። ላይል ውስጥ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ነበር። የመጀመሪያውን ሆድ ስከፍት ቢላዋዬ ከጠንካራ ነገር ጋር ገጠመና ተንሸራትቶ አውራ ጣቴን ሰነጠቀኝ። የኔና የዓሣው ደም ተቀላቅሎ እያየሁ እጄን ሰድጄ አወጣሁት። የርግብ እንቁላል የሚያህል እርሳስ ነው፤ መንጠቆ የምናሰጥምበት ያ ከባድ ብረት። ወንድሜ፣ እመነኝ፣ ያኔም ቢሆን አልጠረጠርኩህም። ምስኪኑ ዓሣ የአንዱን መንጠቆ ከነማስጠሚያው ውጦ ነው አልኩ፤ ያጋጥማል። ሁለተኛውን ከፈትኩ። እዚያም አለ። ሦስተኛውም ውስጥ አለ። የቀሩትንም አንድ በአንድ ከፈትኳቸው።

ደሙን በቧንቧ ውሃ ሳጥበው የአባባን የእጅ ሥራ አየሁ። ሌላ ሰው ቢሆን እርሳስ እርሳስ ነው ይል ነበር። እኔ ግን አባባ ከጎማ ጥገና ቤቶች የለቀመውን እርሳስ አቅልጦ በዚያ የአሉሚኒየም ቅርጽ ማውጫው ሲያፈስ ከጎኑ ቆሜ ያደግኩ ነኝ። ቅርጽ ማውጫውን አንተ በልጅነትህ ሲሚንቶ ላይ ጥለኸው ጠርዙ ተቀነጠበ፤ ከዚያ ወዲህ ከዚያ የሚወጣው ሁሉ ጎኑ ላይ እንደ ኪንታሮት ያለች እብጠት አለችው። አባባም አልተቆጣህም። «ይሁን፣ የኛ ቤት ማኅተም ትሆናለች» ነው ያለህ። ከቀብሩ ማግሥት ከጋራዡ ዕቃ አንተ የመረጥከው ያንን ቅርጽ ማውጫ ነበር፤ ለመታሰቢያ ነው ስትለኝ አለቀስኩ። የዓሦቹ ሆድ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ያቺን እብጠት ይዘዋል። ከአባታችን የወረስከውን ለዚህ አዋልከው?

እንዴት እንደምትሠራው ለማወቅ ብዙ አላሰብኩም። ጀልባ ከውሃ ሲወጣ አንዱ ፒካፑንና ተሳቢውን ሊያመጣ ይሄዳል፣ ሌላው ጀልባውን ይዞ ሐይቁ ዳር ጀልባ መትከያው ላይ ይጠብቃል፤ የሁሉም ሰው ልማድ ነው። ካንተ ጋር ግን ሁሌ የሚሄደው ላይል ነው። «ላይል፣ መኪናውን አምጣ፣ አትቸኩል፣ ሰልፉ ረጅም ነው።» ይህችን ቃልህን መትከያው ላይ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት! እሱ ሰልፍ ይዞ ተራውን ሲጠብቅ አንተ ጀልባው ውስጥ ካለው የዓሣ ገንዳ ጋር ብቻህን ቀርተህ፣ ዓሦቹ ሚዛን ላይ እንዲከብዱ እርሳስ ታጎርሳቸዋለህ።

ይህ ብቻ ቢሆን ሌባ ብዬህ እጨርስ ነበር። ጉድህ ከዚህ ይብሳል። ትላንት ማታ እቃ ሳጥብ ነው የገባኝ፤ ሳህኑን ጥዬ ሰበርኩት።

በአገሩ ሁሉ እንዳንተ ዓሣ የሚያጠምድ የለም ይባላል። ታዲያ ምርጥ አጥማጆቹ ሁሉ አብረን እንጣመድ ብለው ሲለምኑህ፣ ክሩን የሚያወሳስበውን፣ መንጠቆውን ከሐይቁ ይልቅ ኮፍያህ ላይ የሚሰካውን ላይልን ለምን መረጥክ? ሰው ሁሉ ይገርመው ነበር። እኔ ግን መልሱን አውቃለሁ እል ነበር፤ እህቱን ስለሚወድ ነው። ለዚህም ብዬ በየፋሲካው የለውዝ ዳቦ እየጠቀለልኩ ቤትህ ድረስ አመጣልህ ነበር። አሁን ግን ገባኝ። የውድድሩ ሕግ ከአሸናፊዎቹ ጥንድ አንዱ የውሸት መፈተሻው ማሽን ላይ ይቀመጥ ይላል። አንተ ሁሌ «እኔ የደም ግፊት አለብኝ፣ ማሽኑን ያሳስትብኛል፣ ላይል ይቀመጥ» ትላለህ። ላይልም ይቀመጣል። ደረቱን በቀበቶ ያስሩታል፣ ጣቱ ላይ ሽቦ ይሰኩበታል፣ «ከሕግ ውጪ የሠራኸው ነገር አለ? ሲሠራ ያየኸው ሰው አለ?» ይሉታል። የለም ይላል። ማሽኑም ያምነዋል፤ ምክንያቱም አልሠራም፣ አላየም። አንተ የፈለግከው ዓሣ አጥማጅ አልነበረም። አንተ የፈለግከው ማሽኑ ፊት የምታስቀምጠው አንድ ንጹሕ ሰው ነበር። ፈልገህ ፈልገህ ከእኔ ቤት አገኘኸው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ አንተ ደግሞ የናቅከው ባሌን ብቻ ሳይሆን እኔንም ነው።

ላይል በዕድሜው ምንም አሸንፎ አያውቅም። ትምህርት ቤት እያለም፣ ሥራ ላይም፣ ቢንጎ እንኳ። ዋንጫዎቹ ማቀዝቀዣችን ላይ ተደርድረው ቅዳሜ ቅዳሜ ይወለውላቸዋል። ከዋንጫዎቹ በላይ የሚወደው ግን ማሽኑን ይዞ ከቶሌዶ ከተማ የሚመጣው መርማሪ ያለውን ነው፤ «አንተ ስትመልስ መርፌዋ እንቅልፍ ይወስዳታል» ብሎታል። ገና በመጣ ቁጥር እራት ላይ ይህንን ያወራል። አንተም ከሁሉ ቀድመህ ትስቅ ነበር። አሁን ምን እንዳሳቀህ አወቅኩ።

እንግዲህ ስማኝ። ማሽኑ ላይልን ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ እሳት አደጋ ጣቢያው ፎቅ ላይ ይጠብቀዋል። ሽልማቱም እስከዚያ ድረስ አይጸናም። ላይል ሳያውቅ ከተቀመጠ ያልፋል፣ ያንተም ሌብነት በባሌ ልብ ምት ታትሞ ይቀመጣል። ይህን አልፈቅድም። እኔ ሄጄ ለትሬክስለር ብናገር ደግሞ፣ በዚህ አገር ማን ነው ላይል አያውቅም ብሎ የሚያምን? አንድ ጀልባ፣ አንድ ዋንጫ፣ አንድ ቤተሰብ! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሆናል። ትምህርት ቤቱም የሁሉንም ክፍል ቁልፍ ኪሱ ውስጥ የሚተውለት ስለሚያምነው ነው። ስሙ ከጠፋ ላይል ምንም አይቀረውም።

ስለዚህ የምትሄደው አንተ ነህ። ከሐሙስ በፊት ትሬክስለር ቤት ሄደህ፣ ኮፍያህን አውልቀህ፣ በገዛ አፍህ ትነግረዋለህ። የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ላይል ምንም አያውቅም በል። እውነት ስለሆነ ለመናገር አይከብድም። ዕድሜህን ሙሉ ስትዋሽ ኖረሃል፤ አንድ ቀን እውነት ብትናገር አትሞትም። ካልሄድክ እርሳሶቹን በአባባ ኮፍያ ውስጥ አድርጌ የምሄደው እኔ እሆናለሁ።

ዛሬ ማታ ለላይል እነግረዋለሁ። ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰማ ከኔ ይስማ።

ማክሰኞ ጠዋት

ደብዳቤውን ትላንት የፖስታ ሳጥንህ ውስጥ ልጥለው ነበር። አልጣልኩትም። የሆነውን ልንገርህ።

ማታ እራት ላይ፣ ፓስታውን በጥቅል ጎመን አድርጌ ሰጥቼው፣ «ላይል፣ ስለ ወንድሜ የምነግርህ ነገር አለኝ» አልኩት። ሹካውን አስቀመጠ። ቀና ብሎም አላየኝም። «የኔ ማር፣ እስከ ሐሙስ ስለ ወንድምሽ ምንም አትንገሪኝ። ከሐሙስ በኋላ የፈለግሽውን ንገሪኝ፣ ቁጭ ብዬ እሰማሻለሁ» አለኝ። ለምን ስለው «ማሽኑ ፊት ስቀመጥ ጭንቅላቴ ባዶ ሲሆን ይሻለኛል» አለ። ከዚያ በዚያ ብርድ ወጥቶ ፒካፑን ማጠብ ጀመረ። እሁድ አጥቦት ነበር እኮ! እኔም መስኮቱ ጋ ቆሜ፣ ፈተና ስለሚያስፈራው ነው፣ ከፈተና በፊት ቡናም አይጠጣም፣ ልማዱ ነው፣ እያልኩ ራሴን ሳግባባ ቆየሁ። የባልሽን ጠባይ ታውቂያለሽ ብባል እስከ ትላንት ማታ ድረስ አዎ እል ነበር።

ዛሬ ጠዋት እንቁላል ጠበስኩለት። ከሳህኑ አጠገብ ደግሞ እርሳሶቹን ሁሉ በሾርባ ሳህን አድርጌ አስቀመጥኩለት። ቃል አልተነፈስኩም። እስከ ሐሙስ አትንገሪኝ ነው ያለኝ፤ አታሳዪኝ አላለኝም።

ቁጭ ብሎ አያቸው። አንዷን አነሳና ጎኗ ላይ ያለችውን እብጠት በአውራ ጣቱ ዳበሳት። አሁን ይጮኻል፣ ወይ ያለቅሳል፣ ወይ የመኪና ቁልፉን መንጭቆ አንተ ቤት ይበራል ብዬ በሩን ይዤ ስጠብቅ ነበር። እንዲሄድ ፈልጌ ይሁን እንዳይሄድ አላውቅም። እሱ ግን ሳህኑን በሁለት እጁ አንስቶ ክብደቱን ለካ አደረገና፦

«ይህን ያህል ነው እንዴ?» አለ።

ከየት መጣ፣ ማን አደረገው አላለም፤ የገረመው ብዛቱ ብቻ ነው። እንቁላሉን በላ፣ ሳህኑን አጠበ፣ ጉንጬን ሳመኝ፣ ወደ ሥራው ሄደ።

አሁን የምጽፍልህን ደጋግመህ አንብበው። ከላይ ላይል ምንም አያውቅም ብዬ የጻፍኩትን ሁሉ አልሰረዝኩትም። ሁለት ጊዜ እስክሪብቶ አንስቼ ተውኩት። እንዳለ ይቀመጥ። ሐሙስ ማሽኑ ፊት ማንም አይቀመጥም፤ መቀመጥ የሚችል የለንማ። ነገ ጠዋት ትሬክስለር ሱቁን ሲከፍት በሩ ላይ ቆመህ ያግኝህ። ላይል መኪና ሊያመጣ ሲሄድ ነው የምሠራው በለው፤ ይህ እውነት ነው። በሕይወቴ አንድ ቀን እንኳ አይቶኝ አያውቅም በለው፤ ይህም እውነት ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ «ላይል ይጠረጥር ነበር?» ብሎ ይጠይቅሃል፤ ትሬክስለር ሞኝ አይደለም። ያኔ ዓይን ዓይኑን እያየህ፣ ድምፅህ ሳይንቀጠቀጥ፣ ለሽማግሌው ትዕግሥት ነው ባልክበት አፍህ፣ ላይል ምንም አያውቅም ትለዋለህ።

እኔ ልናገረው ሞክሬ ነበር። ዛሬ ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ ደጋግሜ አልኩት፤ ውሸቴ ፊቴ ላይ ያስታውቃል። ካልሄድክ ግን የግዴን እኔ እሄዳለሁ፤ እኔ የምችለው እውነቱን መናገር ብቻ ነው፣ እውነቱ ደግሞ አሁን ሁለታችሁንም ጠራርጎ ይሄዳል። ይቅርታ አላደረግኩልህም፣ እንዳይመስልህ። የፋሲካ ዳቦዬንም ዘንድሮ አትጠብቅ። ከእንግዲህ በሬን ብታንኳኳ የምከፍትልህ አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ ዓመት ለራስህ ጥቅም ስትዋሽ ኖረሃል። ይህቺን አንዷን ለኔ ዋሽልኝ። እግዚአብሔር ልብ ይስጥህ፤ አንደበትህን ግን ነገ እስኪያልፍ ድረስ እንዳለ ያቆይልህ።

የላይል ሚስት፣
ያንተም እህት